ለእጅህ የሚስማማው ሽጉጥ የቱ ነው?

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ እንዲህ ይላል፦

"ውድ አዘጋጅ፣ ሥራዬ ከደንበኞች ሒሳብ ሰብስቦ ማስገባት ነው። ብዙ ጊዜ አመሻለሁ፤ የምገባውም ብቻዬን ነው። ባለፈው ሰሞን ሁለት ሰዎች ተከታትለውኝ ለጥቂት ነው ያመለጥኩት። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ሽጉጥ የመያዝ ፈቃድ አውጥቻለሁ፤ መሣሪያውን ግን ገና አልገዛሁም። የሥራ ባልደረባዬ 'ከ45 በታች ያለው ሁሉ መጫወቻ ነው' ይለኛል። ታናሽ ወንድሜ 'ኪስ ገብታ የምትጠፋ ትንሽዬ ይሻልሃል' ባይ ነው። አጎቴ ደግሞ ከድሮ ጀምሮ ያስቀመጡትን ቶካሬቭ 'ውሰደው፣ ብረቱ እንደዛሬው አይደለም' ብለውኛል። ባለቤቴ ጭራሽ ቤት እንዳይገባ ትላለች፤ የ6 ዓመት ልጅ አለን። እኔ ተኩሼ አላውቅም። የቱን ልያዝ? እባክዎ ይምከሩኝ።"

ወንድሜ፣ ከደብዳቤህ ሁሉ ዓይኔን የያዘው "ተኩሼ አላውቅም" ያልከው ነው። ሦስቱም መካሪዎችህ ስለ ብረቱ ነግረውሃል። ስለ እጅህ የጠየቀህ የለም። እኔ ከእጅህ ጀምሬ ወደ ብረቱ ብሄድ ይሻላል።

ግን መጀመሪያ ቶሎ ብዬ የማልፈው ነገር አለ። ፈቃድህን ቁጭ ብለህ አንብበው። በብዙ አገር ቤት ውስጥ ማስቀመጥና ታጥቆ መንቀሳቀስ ሁለት የተለያዩ ፈቃዶች ናቸው። የመሣሪያው ዓይነት፣ የጥይቱ ብዛት፣ ይዘህ የማትገባባቸው ቦታዎች፣ ሁሉም የየራሱ ደንብ አለው። ራስን መከላከልም ልክ አለው። ሕጉ በአብዛኛው የሚጠይቀው አደጋው እዚያው ላይ የተደቀነ መሆኑን፣ ሌላ ማምለጫ አለመኖሩንና የመለስከው ከመጣብህ ጋር የሚመጣጠን መሆኑን ነው። ቦርሳህን ነጥቆ ጀርባውን ሰጥቶህ የሚሮጥን ሰው ብትተኩስበት ጉዳዩ ራስን መከላከል መሆኑ ቀርቷል። አንተ ገንዘብ ተሸካሚ ስለሆንክ ይህን ደጋግሜ ባሰምርልህ ደስ ይለኛል። ገንዘቡ የድርጅቱ ነው። እሱን ስጥና ሂድ።

ሰዓትህንና መንገድህን መቀያየር፣ ሁለት ሆኖ መሄድ፣ ብሩን ከመምሸቱ በፊት ማስገባት፣ እነዚህን አለቃህ ዘንድ ገብተህ ጠይቅ። ሽጉጥ የሚመጣው እነዚህ ሁሉ ካልሠሩ በኋላ ነው።

አሁን ወደ እጅህ።

ጫማ ሳትለካ አትገዛም አይደል? ሽጉጥም እንደዚያው ነው። የተኩስ ልምምድ ቦታ ሂድና አሠልጣኝ ባለበት የተለያዩትን ያዝ፣ የተቻለህን ያህልም ተኩስ። ስትይዘው የምታየው እንዲህ ነው። በአውራ ጣትህና በሌባ ጣትህ መካከል ያለው ሥጋ ከመያዣው ጀርባ በተቻለ መጠን ከፍ ብሎ ይቀመጥ። ሽጉጡ ከክንድህ አጥንት ጋር ቀጥ ብሎ ይስመር። መዳፍህን ሳታጣምም የሌባ ጣትህ ጫፍ ሥጋ ምላጩ ላይ በልኩ ማረፍ አለበት። ምላጩ ላይ ለመድረስ መያዣውን ማዞር ካስፈለገህ ሽጉጡ ትልቅ ሆኖብሃል። ጣትህ አልፎ በመገጣጠሚያው የሚስብ ከሆነ አንሶሃል። ትንሿ ጣትህስ መያዣው ላይ ቦታ አላት ወይስ አየር ላይ ተንጠልጥላለች? ይህቺ ትንሽ ነገር ስትተኩስ ብዙ ለውጥ ታመጣለች።

ቀጥለህ አቀባብለው። ብዙ ጀማሪ ስላይዱን (ከላይ ያለውን፣ ወደ ኋላ የሚጎተተውን ብረት) በሁለት ጣት ጫፍ ቆንጥጦ ለመጎተት ይታገላልና ያቅተዋል። ስላይዱን ከላይ በሙሉ መዳፍህ ጨብጠህ አጥብቀህ ያዝ፤ ከዚያ ሽጉጡን በሌላኛው እጅህ ወደ ፊት ግፋው። አፈሙዙ ግን ከፊት ለፊት ካለው ኢላማ ንቅንቅ እንዳይል። እንዲህም አድርገህ ካስቸገረህ ያ ሽጉጥ ለአንተ አይሆንም። ላብ ባጠመቀህና ልብህ ባፍህ ሊወጣ በደረሰበት ሰዓት ከዚህ የተሻለ ጉልበት አይኖርህም።

የወንድምህ ሐሳብ የብዙ ሰው ሐሳብ ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ትንሽዬዋ ቀላል ናት፣ አትታይም፣ አትከብድም። እውነት ነው። ስትተኮስ ግን ከሁሉም የከፋች እሷ ናት። ተመሳሳይ ጥይት ከቀላል ብረት ሲወጣ ርግጫው እጅህ ላይ ይበረታል። መያዣዋ ሁለት ጣት ብቻ ስለሚያስይዝ ከተተኮሰች በኋላ እጅህ ውስጥ ትዞራለች። የፊቱና የኋላው ማነጣጠሪያ ስለሚቀራረቡ ትንሿ ስህተት ኢላማው ላይ ስትደርስ ትልቅ ትሆናለች። ስላይዷ አጭርና ቀላል ስለሆነ ሠሪዎቹ ጠንካራ ሞላ ይከቱባታል፤ ስለዚህ ማቀባበሉም ይከብዳል። ባጭሩ ለጀማሪ ተብላ የምትሸጠው ሽጉጥ የምትሆነው ለልምድ ያለው ሰው ነው። ሻጩ ይህን አይነግርህም።

ትልቁም የራሱ ጣጣ አለው። ኮልት 1911 ባዶውን 1.1 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ስትተኩስበት የተረጋጋ ነው፤ ደስ ይላል። ከሰዓት በኋላ ላይ ግን ወገብህን ይቆረጥምሃል። በሦስተኛው ሳምንት መሳቢያ ውስጥ ትተኸው መውጣት ትጀምራለህ።

እኔ ለአንተ ዓይነቱ ሰው የምለው መካከለኛውን ነው። ቱቦው 10 ሴንቲሜትር ገደማ፣ ባዶ ክብደቱ ከ600 እስከ 700 ግራም፣ ካዝናው ከ10 እስከ 15 ጥይት የሚይዝ። እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው ግሎክ 19 የዚህ ልክ ዋና ምሳሌ ነው፤ 15 ይጎርሳል። ሲዜድ፣ ቤሬታ፣ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን፣ ዋልተር፣ ሁሉም በዚሁ ቁመና የሚሠሩት አላቸው። ሰውነትህ ቀጭን ከሆነና ቀለል ያለ ሸሚዝ የምታዘወትር ከሆነ፣ በ2018 እንደወጣው ሲግ ፒ365 ያሉት ጠበብ ያሉ ሆነው 10 ጥይት ይይዛሉ። ከእነሱ በታች ግን አትውረድ። የምርቱ ስም ላይ ብዙ አልጣላም። ካዝናው፣ መለዋወጫውና አፎቱ አንተ ባለህበት በቀላሉ የሚገኝለትን ምረጥ። አፎት የማይገኝለት ብርቅ ሽጉጥ ምን ይሠራልሃል?

አሁን የባልደረባህ 45፣ ማለትም ጥይቱ 0.45 ኢንች ገደማ የሚወፍረው። ክርክሩ ዕድሜው ከመቶ ዓመት ያልፋል። 9 ሚሊ ሜትሩ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የጌኦርግ ሉገር ሥራ ነው። 45ቱን ትንሽ ቆይቶ ጆን ብራውኒንግ አመጣው። የተለመደው 9 ሚሊ ሜትር 8 ግራም ገደማ የሚመዝን እርሳስ በሰከንድ 350 ሜትር አካባቢ ይወረውራል። 45ቱ 15 ግራም ገደማውን በሰከንድ 260 ሜትር አካባቢ ይልካል። አንዱ ፈጣን፣ አንዱ ከባድ።

የአሜሪካው የፌዴራል ምርመራ ቢሮ፣ ኤፍ ቢ አይ፣ በዚህ ጉዳይ ብዙ ደክሟል። በ1986 ማያሚ ላይ በነበረ የተኩስ ልውውጥ ሁለት ወኪሎቹ ተገደሉ፣ ሌሎች አምስት ቆሰሉ። ከወኪሎቹ ሽጉጥ የወጣ አንድ 9 ሚሊ ሜትር ጥይት የአንዱን ተጠርጣሪ ክንድ አልፎ ደረቱ ውስጥ ገባና ልቡ ጋ ሳይደርስ ቆመ። ጣት ሁሉ ወደ ጥይቱ ተቀሰረ። ቢሮው ወደ 10 ሚሊ ሜትር ዞረ፤ እሱ ለብዙዎቹ ወኪሎች በረታባቸው። በ1990 የወጣው 40 ካሊበር ተተካ። እሱም ቢሆን ይራገጣል። በ2010ዎቹ አጋማሽ ተመልሰው ወደ 9 ሚሊ ሜትር መጡ። በእነዚህ ዓመታት መካከል ጥይት አሠራሩ ተሻሽሎ ነበር፤ ዘመናዊው 9 ሚሊ ሜትር ቢሮው ያወጣውን መለኪያ፣ ማለትም ሥጋን በሚተካ የመሞከሪያ ጄል ውስጥ ከ30 እስከ 45 ሴንቲሜትር ዘልቆ መግባትን፣ ያሟላል። ደግሞም ወኪሎቹ በ9ኙ ፈጥነውና አስተካክለው ይመታሉ። የተመረጡና የሠለጠኑ ሰዎች እንዲህ ካሉ፣ ተኩሶ የማያውቅ ሰው 45 ይዞ ምን ሊሆን ነው?

ባልደረባህ ቅር ካለው ይህን ንገረው። በሽጉጥ ጥይት የተመታ ሰው እንደ ፊልም ተወርውሮ አይወድቅም፤ በ45ም ቢሆን። የሚወስነው የት እንዳረፈ ነው። የት እንደሚያርፍ የሚወስነው ደግሞ ልምምድህ ነው።

በነገራችን ላይ 9 ሚሊ ሜትር የሚባለው ብዙ ዓይነት ነው። እኔ የምልህ 9 በ19ኙን ነው፤ ፊተኛው ቁጥር የጥይቱ ውፍረት፣ ኋለኛው የቀለሃው ርዝመት ነው፣ በሚሊ ሜትር። ማካሮቭ የሚባለው የሶቪየት ሽጉጥ ጥይት 9 በ18 ነው፤ እርሳሱም በጥቂቱ ይወፍራል። 9 በ17 የሚባለውም አለ፤ ብዙዎች 380 የሚሉት እሱን ነው። አንዱ በሌላው አይተካም። ቱቦው ላይ የተቀረጸውንና የጥይቱ ሳጥን ላይ የተጻፈውን ሳታመሳክር አትጉረስ።

የአጎትህን ቶካሬቭ በተመለከተ፣ ቅሬታ እንዳይሰማቸው በአክብሮት ተቀበላቸውና አመስግነህ መልስላቸው። "ብረቱ እንደዛሬው አይደለም" ያሉት እውነታቸውን ነው፤ ጠንካራ መሣሪያ ነው። በ1930 ሶቪየት ኅብረት ተቀብላው በ1933 ያሻሻለችው ነው። የተሠራው ግን ለወታደር ነው። የመጀመሪያው አሠራር የእጅ ሴፍቲ፣ ማለትም እንዳይተኮስ በጣት የሚቆለፍ ማገጃ፣ የለውም፤ ያለው የኋላ መምቻውን ግማሽ ላይ ስቦ ማቆም ብቻ ነው። በኋላ ለውጭ ገበያ የወጡት ላይ ሴፍቲ ተጨምሮባቸዋል። ጥይቱን ወግቶ የሚያፈነዳውን መርፌ ቆልፎ የሚይዝ ነገር ግን ስለሌለው ጥይት ጎርሶ ሳለ ቢወድቅ ሊባርቅ ይችላል። ጥይቱም 5.5 ግራም የሆነ ቀጭንና ፈጣን ስለሆነ ዘልቆ የመሄድ ጠባይ አለው። ሌሊት፣ መንገድ ላይ፣ ከኋላ ማን እንዳለ ሳታውቅ እንዲህ ያለ ጥይት መተኮስ አትፈልግም። የዛሬ ሽጉጥ በአብዛኛው ምላጩ እስኪሳብ ድረስ መርፌውን የሚያግድ አለው። ስትገዛ በግልጽ የምትጠይቀው ይህንን ነው፦ "ቢወድቅ እንዳይባርቅ የሚያደርገው ምንድን ነው?" መልስ የሌለው ሻጭ ጋ አትግዛ።

ስለ ሴፍቲ ካነሳን፣ ሽጉጦች በምላጫቸው ይለያያሉ። መምቻው ከውስጥ የተደበቀ ግሎክን የመሰለው ምላጩ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ ወደ 2.5 ኪሎ በሚሆን ጉልበት ይሳባል። ለመማር ቀላል ነው፤ ስህተትን ግን ይቅር አይልም። እንደ ቤሬታ 92 ያሉት የመጀመሪያው ጥይት ምላጭ ረጅምና ከባድ፣ የቀጣዮቹ አጭርና ቀላል ነው። ሁለቱንም መልመድ ይጠይቃል። ሪቮልቨር፣ ጥይቱ በሚሽከረከር ከበሮ ውስጥ የሚቀመጥበት፣ ቀላል አሠራር አለው፤ ካዝና የለው፣ ስላይድ የለው፣ ጥይት ቢከሽፍ ምላጩን ደግመህ ትስባለህ፣ ቀጣዩ ይመጣል። ግን ትንሹ ሪቮልቨር በአብዛኛው 5 ጥይት ብቻ ነው የሚይዘው። ምላጩም እስከ 5 ኪሎና ከዚያ በላይ ይጠይቃል፤ ጣትህ ሲታገል አፈሙዙ ይንቀጠቀጣል። ኮልት 1911 የመሰለው ደግሞ መምቻው ተስቦ፣ ሴፍቲው ተቆልፎ ነው የሚያዘው። ውብ መሣሪያ ነው፤ ለመጀመሪያ ግን አልመርጥልህም። ለአንተ የመጀመሪያው ዓይነት፣ ካልሆነም ሁለተኛው። የእጅ ሴፍቲ ያለውን ብትመርጥ ነውር የለውም። ከአፎት ባወጣህ ቁጥር ሴፍቲውን ማውረድ እጅህ ሳይታዘዝ እስኪያደርገው ድረስ ግን መለማመድ አለብህ።

ጥይት ጎርሶ ወይስ ሳይጎርስ ይያዝ? ሰው ሁሉ የሚጨቃጨቅበት ነው። አጎርሶ የሚይዘው እጁ አንድ ብቻ ነጻ ቢሆንስ፣ ማቀባበያ ጊዜ ባይኖርስ ይላል። እውነት አለው። በ1983 ዴኒስ ቱለር የተባለ አሜሪካዊ የፖሊስ አሠልጣኝ አንድ ሰው 6.4 ሜትር ያህል ርቀት ሮጦ ለመድረስ 1.5 ሰከንድ ገደማ እንደሚበቃው አሳይቷል። ይህ የሠለጠነ ሰው መሣሪያውን አውጥቶ ለመተኮስ ከሚፈጅበት ጊዜ ጋር ተቀራራቢ ነው። እኔ ግን ለጀማሪ መጀመሪያ ላይ ሳያጎርስ ይያዝ እላለሁ። ማውጣቱንና መመለሱን አሠልጣኝ ፊት ደጋግመህ፣ እጅህ ከተገራ በኋላ ሌላውን ታስባለህ። ደግሞ የ1.5 ሰከንዷ ነገር ለእኔ ሌላም ትርጉም አላት። ስልክህን እያየህ የምትሄድ ከሆነ የትኛውም ሽጉጥ አይደርስልህም።

አሁን ብዙ ሰው ችላ ወደሚለው ልምጣ፤ አፎት። ሽጉጡን ከመምረጥህ እኩል ጊዜ ስጠው። ጠንካራ መሆን አለበት፤ ምላጩን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን፣ ሽጉጡ ሲወጣ አፉ የማይጨፈለቅ። ለስላሳ ጨርቅ የሆነው እየላላ መጥቶ ራሱ ምላጩ ውስጥ ይገባል። ጠንካራ ቀበቶም ያስፈልግሃል፤ ተራ ቀበቶ ክብደቱን ተሸክሞ ወደ ታች ይንሸራተትና ቀኑን ሙሉ ሱሪህን ስትጎትት ትውላለህ። ሰውም ያይሃል።

ሱቁ ውስጥ በባዶ ሽጉጥ ሞክረው። ቁጭ በል። ጎንበስ ብለህ የጫማህን ክር እሰር። መኪና ውስጥ የደህንነት ቀበቶ እሰር። መያዣው የጎድን አጥንትህን ይወጋል? አፈሙዙ ስትቀመጥ ወደ ጭንህ ይዞራል? ቆመህ መስታወት ፊት ብቻ የሞከርከው አፎት ቤት ስትደርስ ጠላትህ ይሆናል።

ኪስ ውስጥ ብቻውን መጣል፣ ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር መቀላቀል፣ ያለ አፎት ሱሪ ውስጥ መሸጎጥ፣ እነዚህን እርሳቸው። የቁልፍ ጥርስ የምላጩ ቀለበት ውስጥ ሲገባ ምላጩ ከጣት አይለየውም። ቦርሳ ውስጥስ? አንተ ደግሞ ገንዘብ ተሸካሚ ነህ። ሌባው የሚፈልገው ቦርሳህን ነው። ገንዘቡንና ሽጉጡን አንድ ላይ ልትሸልመው ነው?

ማውጣት ላይ ሰው ይለማመዳል፤ መመለስ ላይ ግን ይቸኩላል። ከአፎት ጋር በተያያዘ ሳይታሰብ የሚባርቀው አብዛኛውን ጊዜ ሲመለስ ነው። የሸሚዙ ጫፍ፣ የጃኬቱ የታችኛው ገመድና ጫፉ ላይ ያለችው የላስቲክ ቁልፍ ምላጩ ላይ ታርፋለች፤ ባለቤቱ ወደ ታች ሲገፋ ራሱ ላይ ይተኩሳል። ስትመልስ ልብስህን በሌላኛው እጅህ ከፍ አድርገህ ያዝ፣ አፎቱን በዓይንህ እየው፣ ጣትህን ቀጥ አድርገህ ከምላጩ ውጪ ዘርጋ፣ ቀስ ብለህ አስገባ። ፈጥኖ በመመለስ የተረፈ ሰው የለም።

ባለቤትህ ያለችው ከሁሉም ምክር በላይ ክብደት አለው። እሷን ለማሸነፍ አትከራከር፤ ስማት። ቤት ውስጥ የጭንቀት ወይም የድባቴ ሕመም ያለበት ሰው ካለ፣ ራሱን የመጉዳት ሐሳብ ያነሳ ሰው ካለ፣ መጠጥ ከበዛ፣ ወይም ጠብ ወደ እጅ የሚሄድ ከሆነ ሽጉጡ አይግባ። ቤት ውስጥ መሣሪያ መኖሩ ሰው ራሱን በማጥፋት የመሞት አደጋን ከፍ እንደሚያደርግ በተደጋጋሚ ተጠንቷል። አንተም እንቅልፍ አጥቻለሁ ብለሃል። ሽጉጥ ፍርሃትን አያስተኛም፤ አንዳንዴ ያባብሰዋል። ገና ሳትገዛ ከምታምነው ሰው፣ ቢቻል ከባለሙያ ጋር ስለዚያ ምሽት ተነጋገር።

ይህ ሁሉ ከሌለ ደግሞ ጥያቄው የልጁ ነው። የ6 ዓመት ልጅ ቤታችሁን ከአንተ በላይ ያውቀዋል። ቁም ሳጥን ላይ፣ ፍራሽ ሥር፣ ካፖርት ኪስ ውስጥ፣ ሁሉንም ደርሶበታል። ምላጩ ይከብደዋል ብለህም አትተማመን፤ በሁለት አውራ ጣቱ ይገፋዋል። የሚያስፈልግህ ከግድግዳ ወይም ከወለል ጋር በብሎን የታሰረ የብረት ሣጥን ነው። ሽጉጡ ወይ ወገብህ ላይ ነው ወይ እዚያ ውስጥ ነው። "ለአንድ ደቂቃ" ጠረጴዛ ላይ የሚባል ነገር የለም።

ባለቤትህ ባትተኩስም እንኳ ባዶ ማድረጉን ትወቅ። ቅደም ተከተሉ ቀላል ይመስላል፤ ብዙ ሰው ግን ይገለብጠዋል። መጀመሪያ ካዝናውን አውጣ። ከዚያ ስላይዱን ጎትት፣ የጎረሰው ጥይት ይወጣል። ስላይዱን ከፍተህ መጉረሻውን በዓይንህ እየው፣ በትንሿ ጣትህም ዳስሰው። ስላይዱን ቀድመህ ብትጎትትና ካዝናውን በኋላ ብታወጣ አንዱ ጥይት ይወጣል፤ ስላይዱ ሲመለስ ግን ሌላ ያጎርሳል። እጅህ ላይ ካዝና የሌለው ግን የጎረሰ ሽጉጥ ቀረ ማለት ነው። "ባዶ መስሎኝ" የሚባለው አሳዛኝ ታሪክ በአብዛኛው የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው።

አሜሪካዊው የተኩስ አሠልጣኝ ጄፍ ኩፐር ያስተማራቸውን አራት ሕጎች ቤታችሁ ውስጥ ሁለታችሁም በቃላችሁ ያዙ። መሣሪያ ሁሉ ሁልጊዜ እንደጎረሰ ነው የሚቆጠረው። አፈሙዙን ልታጠፋው ወደማትፈልገው ነገር አታዙር። ዓይንህ ማነጣጠሪያው ላይ ሆኖ ለመተኮስ እስክትወስን ድረስ ጣትህ ምላጩ ውስጥ አይግባ። ኢላማህንና ከኢላማህ ጀርባ ያለውን እወቅ።

ልምምድ ላይ ገንዘብህን አትቆጥብ። ለሽጉጥ ያሰብከውን በጀት ሁሉ ብረቱ ላይ አትጨርስ፤ ለአፎት፣ ለሣጥን፣ ለአሠልጣኝና ለጥይት ይትረፍህ። ርካሽ ግን አስተማማኝ ሽጉጥና ብዙ ጥይት፣ ከውድ ሽጉጥና ከአንድ ሳጥን ጥይት ይበልጣል። ጆሮህን ሸፍን። የሽጉጥ ድምፅ 160 ዴሲቤል አካባቢ ይደርሳል፤ ጆሮን ባንዴ ለመጉዳት 140 ይበቃል። መነጽርም አድርግ። ስትጨርስ እጅህን ሳትታጠብ ምግብ አትንካ፣ ልጅም አትቀፍ፤ እርሳስ አለበት።

ቤት ውስጥም ያለ ጥይት መለማመድ ትችላለህ። ጥይቱን ሁሉ ወደ ሌላ ክፍል አውጣ። መጉረሻውን ሁለት ጊዜ እይ። ጥይት የማያሳልፍ ግድግዳ ፊት ቁም። ከፊተኛው ማነጣጠሪያ ኋላ ስላይዱ ላይ ሳንቲም አስቀምጥና ሳንቲሙ ሳይወድቅ ምላጩን ለመሳብ ሞክር። መጀመሪያ ቀን በተደጋጋሚ ትወድቅብሃለች። አይክፋህ፤ ከዚህ የበለጠ ታማኝ አሠልጣኝ የለም። የዕለቱን ልምምድ ስትጨርስ "አንዴ ብቻ ልድገም" አትበል። ብዙ ግድግዳ የተበሳው በዚያች አንዴ ነው።

ሽጉጡ ሲነክስብህ፣ ማለትም ተቀርቅሮ ሲቆም፣ አትደንግጥ። አዲስ ሰው አንጓውን ስለሚያላላው ስላይዱ ሙሉ ጉዞውን አይሄድም፤ ቀለሃው መውጫው ላይ ይቀረቀራል። ካዝናውን ከታች በመዳፍህ መታ አድርገህ አስገባ፣ ስላይዱን ጎትተህ ልቀቅ። ልምምድ ቦታ ላይ ጥይት ከከሸፈብህ ግን አፈሙዙን ወደ ኢላማው አድርገህ ግማሽ ደቂቃ ያህል ጠብቅ፤ ዘግይቶ የሚፈነዳ አለ። ድምፁ ከወትሮው ያነሰ፣ "ፑፍ" ያለ ነገር ከሰማህ ደግሞ ወዲያው አቁም። እርሳሱ ቱቦው ውስጥ ቀርቶ ይሆናል፤ ቀጣዩን ብትተኩስ ሽጉጡ እጅህ ላይ ሊፈነዳ ይችላል።

የመጨረሻው ስለ ጥይት ነው። ለልምምድ ሙሉ በሙሉ በመዳብ የተለበጠው ተራው ይበቃል። ለመያዝ፣ ሕጉ የሚፈቅድ ከሆነ፣ ጫፉ ቀዳዳ ያለው ሲመታ የሚሰፋው ይመረጣል፤ ኢላማውን አልፎ ሌላ ሰው ላይ የመድረስ ዕድሉ ያንሳል። ይህ ጥይት በ1899ኙ የሄግ መግለጫ በጦርነት ላይ የተከለከለ ነው፤ ለሲቪል የሚፈቅዱም የሚከለክሉም አገሮች አሉ። ስለዚህ ቀድመህ አጣራ። የትኛውንም ብትመርጥ፣ የምትይዘውን ያንኑ ዓይነት ጥይት ሳይነክስ ሳይከሽፍ እስከ 200 ድረስ በሽጉጥህ ሳታስሞክር ወገብህ ላይ አታድርገው። ውድ ነው፣ አውቃለሁ።

እና አንዲት ጥይትን በየቀኑ ስታጎርስና ስታወጣ ከሰነበትክ፣ ከአዲሲቱ ጎን አቁመህ እያት። ስላይዱ በመታት ቁጥር እርሳሱ ወደ ቀለሃው ውስጥ ትንሽ ትንሽ ይገፋል፤ ያጠረች ጥይት ስትተኮስ ግፊቷ ከልክ በላይ ይጨምራል። አጥራ ካገኘሃት ለልምምድም ቢሆን አትተኩሳት፤ የልምምድ ቦታው አሠልጣኝ ያስወግድልህ።